አውሮፕላኑስ አልቀረም ነበር

ይድረስ ለእትዬ፣ እናትም አባትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ከፖስታ ቤቱ መስኮትሽ ኋላ ቆመሽ ስትውይ የሚያብጠው ግራ እግርሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ "ምንም አይለኝ" እያልሽ ትሸነግይዋለሽ? አክስቴስ እንዴት ናት? ጆሮዋ ዛሬም ሐሜት ሲሆን ብቻ ነው የሚሰማው? ያ የጓዳው በር ተጠገነ ወይስ እስካሁን በትከሻችሁ እየገፋችሁ ነው የምትከፍቱት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። ናፍቆቱን ግን እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? ሰባት ዓመት ሙሉ "ይለመዳል" ሲሉኝ ኖሩ፤ ማን እንደለመደው እንጃ። ይልቁንም ድምፅሽ ከጠፋብኝ ወዲህ ብሶብኛል። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኩን ማየት ነው ሥራዬ።

ሰባ ሁለት ቀን ስልኬን አላነሳሽም። ቆጥሬዋለሁ። መጀመሪያ ኔትወርኩን ሰደብኩ፣ ቀጥሎ ስልክሽን፣ በመጨረሻ ራሴን። ስለዚህ በሪኮማንዴ ልጽፍልሽ ቆረጥኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፖስታ ቤት ቆመሽ ሰውን የአደራ ደብዳቤ ስታስፈርሚ ኖረሽ፣ በስምሽ የመጣውን ሳትፈርሚ እንደማትመልሺው አውቃለሁ። ተንኮሌን እወቂልኝ። ቢያናድድሽም አንብቢው፣ በሞቴ፤ ግማሹን ቆመሽ፣ ግማሹን ተቀምጠሽም ቢሆን ጨርሺው።

የምናዘዘው አንድ ነገር ነው። በዚያ ሐሙስ "አውሮፕላኑ ቀረ" ብዬ ጻፍኩልሽ። አውሮፕላኑ አልቀረም ነበር። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፤ እጮኛሽ፣ ያ የፖስታ መኪና ሹፌር፣ አቶ ቀስ-በቀስ፣ የመንገደኞች መውጫው በር ላይ ቆሞ የመጨረሻው ሻንጣ እስኪወጣ ድረስ የሰውን ፊት አንድ በአንድ እያየ ጠብቆኛል። እሱ እዚያ ቆሞ እያለ ነው መልእክቴ አንቺ ዘንድ የገባው። ውሸቴ ግማሽ ሰዓት እንኳ ዕድሜ አላገኘም። ወይ እኔ! ስዋሽ እንኳ እቸኩላለሁ። በማግስቱ በማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ፊርማሽ ነበር፤ በአርባ ስድስት ዓመትሽ፣ እኔን አሳድገሽ ስትጨርሺ፣ በስንት ጊዜ አንዴ ለራስሽ የቆረጥሽው ቀን። እኔ ደግሞ ምስክርሽ ነበርኩ። እና አልመጣሁም፣ ምክንያቱንም ዋሸሁ። ያስኮረፈሽ መቅረቴ ሳይሆን መዋሸቴ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል። አሁን እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ በኋላ ብትፈልጊ ዓመቱን ሙሉ አኩርፊኝ።

ሥራዬን ለሰው ስትነግሪ "ኮምፒውተር ታክማለች" እንደምትይ ሰምቻለሁ፤ ብዙም አልተሳሳትሽ። አንድ ሆስፒታል የበሽተኞቹን ታሪክ በሙሉ የሚያስቀምጠው ዳታቤዝ በሚሉት ነገር ውስጥ ነው። ያ ዳታቤዝ ያለበት ማሽን የተበላሸ ቀን፣ ከመጠባበቂያው ቅጂ አንሥቶ ሌላ ማሽን ላይ መልሶ የሚያቆመው ፕሮግራም አለ። የእኛ መሥሪያ ቤት የሚሠራው እሱን ነው። ችግሩ ቀርፋፋ መሆኑ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ሐኪሙ በብጣሽ ወረቀት ይሠራል፣ ነርሷ ለየትኛው በሽተኛ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው አታውቅም። እናም "ፍጥነቱን ጨምሩ" ተባልን፣ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ፍጥነት ሲባል ደግሞ ታውቂኛለሽ። "ችኩሌ" ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ አንቺው አይደለሽ?

ለምን እንደሚንቀረፈፍ በአንቺው ሥራ ላስረዳሽ። ኮምፒውተር ውስጥ እንደ አንቺ ባንኮኒ ያለ ቦታ አለ፣ ሜሞሪ ይሉታል፤ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ላይ ያርፋል። ከኋላ ደግሞ እንደዚያ ቁልፍ እንዳለው የብረት መደርደሪያችሁ ያለ አለ፤ እሱ ዲስኩ ነው። ታዲያ ኮምፒውተሩ ብልጣብልጥ ነው፤ ዕቃው ገና ባንኮኒው ላይ ሲያርፍ "ተረክቤያለሁ" ይልሻል፣ መደርደሪያው ውስጥ ግን አላስገባውም። መብራት ድንገት ድርግም ካለ ባንኮኒው ላይ ያለው ብን ብሎ ይጠፋል፣ የሚተርፈው መደርደሪያው ውስጥ የገባው ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራማችን አንድ ፋይል በጻፈ ቁጥር "ገባ? በእርግጥ ዲስኩ ላይ ገባ?" ብሎ ይጠይቅና መልስ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ሁለተኛውን ይጽፋል፣ ደግሞ ይጠይቃል፣ ደግሞ ይጠብቃል። ፋይሎቹ ከመቶ ሺህ በላይ ናቸው። አንዱን ደብዳቤ ልከሽ የተፈረመበት ወረቀት እስኪመለስልሽ ሁለተኛውን አልነካም ብትዪ ሰልፉ የት እንደሚደርስ አስቢው፤ ሕዝቡ መስኮትሽን ነቅሎ ይሄዳል።

እኔ ያሰብኩት ቀላል ነገር ነው። ፕሮግራሙ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጽፎ ይከምር፣ ዲስኩም በራሱ አካሄድ እያነሣ ያስገባ፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ "አለቀ" ከማለቱ በፊት ዲስኩን አንዴ፣ ለሁሉም በጅምላ፣ "እስካሁን የሰጠሁህ በሙሉ ገብቷል?" ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱ እስኪመጣም ንቅንቅ አይበል። መቶ ሺህ ጊዜ ከመጠበቅ አንድ ጊዜ መጠበቅ። ውጤቱ ያው ነው፤ "አለቀ" ሲባል ሁሉም ዲስኩ ላይ ነው። ሐሳቡ ያኔም ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ፕሮግራሙ ላይ "አትጠብቅ" የምትል ማዘዣ አለች። ዲስኩን አንዳች ሳይጠይቅ ጽፎ እንዲወጣ የምታደርግ፣ ለሙከራ ካልሆነ የማትነካ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ቶሎ ልየው ብዬ የሙከራ ማሽኔ ላይ አስገባኋት፤ አወጣታለሁ ብዬ ረሳኋት። አዲሱን አሠራር ስጨርስ ያቺ ማዘዣ እዚያው ተቀምጣ የመጨረሻዋን አንዲት ጥያቄ እንኳ ዝም አሰኘቻት። ዘጠኝ ሰዓት የነበረው ሥራ በሠላሳ ስምንት ደቂቃ አለቀ! ደህና ሰው ይጠረጥራል፤ እኔ ተነሥቼ ጨፈርኩ። አልዋሽሽም፣ ጥንቃቄም ያደረግሁ መስሎኝ ነበር፤ "አለቀ" ባለ ቅጽበት ፕሮግራሙን በድንገት እየገደልኩ አሥራ ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፣ አሥራ ሁለቱንም ጊዜ ምንም አልጎደለም። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ፕሮግራሙ እንደ ባንኮኒ ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊዋ ራሷን ስታ ብትወድቅ ደብዳቤው ባንኮኒው ላይ ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም። የሚጠፋው ባንኮኒው ሲቃጠል ነው። እኔ አሥራ ሁለት ጊዜ ጸሐፊዋን ጣልኩ እንጂ መብራቱን አንድም ጊዜ አላጠፋሁትም።

አለቃዬ "እስቲ ድገሚው" አለኝ፣ ደገምኩት፣ የቢሮውን ሰው ሁሉ ጠርቶ አሳየ። ፕሮግራሙ እኔው ማሽን ላይ ካለው ጋር ተጠቅልሎ፣ ከነዚያች "አትጠብቅ"፣ ወደ ሆስፒታሉ ተላከ። የሆስፒታሉ አሮጌ ማሽን ሊሞት እያቃሰተ ስለነበር ቅዳሜ ወደ አዲሱ እንዲዛወር ተቆረጠ። ለእኔም "በይ እህትሽን ድረሽላት" ተብሎ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ተሰጠኝ። ያን ዕለት ነው የደወልኩልሽ። "አለቀ እትዬ! በሠላሳ ስምንት ደቂቃ! መጣሁ፣ ዓርብ አጠገብሽ ቆሜ እፈርማለሁ!" እያልኩ ስጮህ ትዝ ይልሻል? አንቺም ስልኩን ሳትዘጊ ከጎንሽ ቴምብር ወደምትሸጠው፣ ወደ ቴምብሯ ሴትዮ ዞረሽ "እህቴ ዘጠኝ ሰዓቱን ሠላሳ ስምንት ደቂቃ አደረገችው" ስትያት ሰምቻለሁ። ምን እንደሆነ እንኳ ሳይገባሽ! በሰባት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ኮርተሽብኝ አታውቂም። በኋላ አፌን የያዘኝ ያ ኩራትሽ ነው።

ረቡዕ ሻንጣዬን ይዤ ሥራ ገባሁ፤ በረራዬ ሐሙስ ጠዋት ነበር። ሻንጣው ጠረጴዛዬ ሥር፣ ውስጡ ለፊርማው የገዛሁት ሰማያዊ ቀሚስ። የሕንጻው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ መሰላል አቁሞ ማብሪያ ማጥፊያ ሲቀይር ነበር፤ ከማጥፋቴ በፊት እጠራችኋለሁ ብሎን ነበር። ጠራሁ ይላል እንግዲህ፤ ለግድግዳው ይሆናል የነገረው። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብዬ ያስነሣሁት ሙከራ "አለቀ" ካለ አንድ ደቂቃ አልሞላውም፣ በጠራራው ቀን መብራቱ ድርግም አለ።

መብራቱ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ማሽኑ ተነሣ፣ ዳታቤዙም ተከፈተ። እኔም እያፏጨሁ ወደ ውስጥ ገባሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂብኝ። ለሙከራ የሚሆኑ የውሸት በሽተኞች መፍጠር አለብኝ፤ የማላውቀውን ሰው ከምፈጥር እናንተን አስገብቼያችኋለሁ። አንቺ ከነግራ እግርሽ አለሽ። አቶ ቀስ-በቀስ ከነወገቡ አለ። አክስቴ አለች፣ ከስሟ ጎን "ፔኒሲሊን አይስማማትም" ተብሎ ተጽፏል። ናፍቆታችሁ ሲጠናብኝ ከፍቼ አነባችኋለሁ፤ ሥራ የምሠራ ነው የሚመስላቸው። ያን ቀን የአክስቴን ገጽ ከፈትኩ። ቁጥሯ አለ። ከቁጥሩ ጎን ምንም የለም። ስሟ የለም፣ ፔኒሲሊኑም የለም። የአንቺም ባዶ ነው። ወደ ታች ወረድኩ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ ያችን መርፌ ወግተዋት ከንፈሯ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ አንቺ በክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ባዶ እግርሽን እየሮጥሽ "አይስማማትም! አይስማማትም!" ብለሽ የጮህሽው ጆሮዬ ውስጥ ነው ያለው። ወዲያው "አትጠብቅ" የምትለዋን ፈልጌ አገኘኋት፣ እኔው ያስቀመጥኳት ቦታ ላይ ቁጭ ብላለች።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርኩም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም አልኩ። ያየ ሰው የለም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው እያንጎራጎረ ሄዷል። ሆስፒታሉ ጄኔሬተር አለው፤ በዚያች ሠላሳ ስምንት ደቂቃ መብራት የሚጠፋው በስንት አንዴ ነው? ልሂድ፣ እህቴን ላስፈርም፣ ስመለስ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ አልኩ። የሻንጣዬን ዚፕ አጠበቅሁ። ኮቴን ሁሉ ለበስኩ፣ እትዬ። ከዚያ ማሽኑን ልዘጋ ጎንበስ ስል ያ ባዶ ገጽ ፊቴ ላይ ነው። ለእኔ አክስቴ ናት፤ ለሆስፒታሉ ግን የሌላ ሰው አክስት ናት። ኮቴን አወለቅሁና ወደ አለቃዬ ክፍል ሄድኩ፣ በሩን በትከሻዬ ነው የገፋሁት።

አለቃዬ አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ሌላ ማን አየ?" አለኝ። ማንም አልኩት። ከዚያ ነገሩን ዘረዘረልኝ። አሮጌው ማሽን ሌላ ሳምንት አይቆይም። ሆስፒታሉ የሰጠን ሦስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ በድሮው አሠራር ዘጠኝ ሰዓት መሥራት አይቻልም። ፕሮግራሙን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው አንድ ባልደረባችን ነው፣ እሱም ሚስቱ ወልዳ ረጅም ፈቃድ ላይ ነው። "አልይዝሽም" አለኝ፤ "ፈቃድሽን ፈርሜያለሁ፣ የፈረምኩትን አልሠርዝም።" ቀረሁ። ማንም አላስቀረኝም። ይህንንም እወቂው፣ በገዛ እጄ ነው የቀረሁት።

ሐሙስ ጠዋት አውሮፕላኑ ሲነሣ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። ለአንቺ የምልከውን መልእክት ስጽፍ ስሰርዝ ዋልኩ። "ተሳሳትኩ" ብዬ ጀመርኩ፣ አጠፋሁት። የቴምብሯ ሴትዮ ምን ትላለች፣ አንቺስ ምን ብለሽ ትመልሺላታለሽ? ወደ ማምሻው "አውሮፕላኑ ቀረ" ብዬ ላክሁት። ከዚያ የባሰውን ደግሞ ከሥሩ ጨመርኩበት፤ "ነገ በሌላ ልደርስ እሞክራለሁ" አልኩሽ። እንደማልደርስ እያወቅሁ! መቼም አይዋጥልኝም ይህ። አንቺ ውሸቴን ይዘሽም ያችኑ ቃል ተስፋ አድርገሽ፣ ዓርብ ማዘጋጃ ቤት ሦስት ሰዓት ሙሉ በሩን በሩን ስታዪ እንደዋልሽ ኋላ ሰማሁ። አፈር ልብላ፣ እትዬ።

ቅዳሜ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ከመዝገብ ክፍሏ ኃላፊ ጋር በፕላስቲክ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጥን። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ እንደ አንቺ ቁጡ ሴት ናት። "አትጠብቅ" ወጥታለች፤ ለዳታቤዙም ሌላ ሥራ የማይነካካው የራሱ ዲስክ ሰጥተነዋል፣ በጅምላ ስንጠይቅ የሌላውን ጓዝ እንዳንጠብቅ ብለን። የሆስፒታሉ ማሽን እንደ እኔው ፈጣን ስላልሆነ መጻፉ ራሱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ፤ ፕሮግራሙ ሲጨርስ ያችን አንዲት የጅምላ ጥያቄ ዲስኩን ጠየቀ። ከዚያ አሥራ አንድ ደቂቃ ስክሪኑ ላይ ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም። ሴትዮዋ "ቆመ እንዴ?" አለችኝ። "እየጠበቀ ነው" አልኳት። "ምኑን?" አለች። "መልስ" አልኳትና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። በሐሳቤ እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ፤ አንቺን ትናንት ፈርመሽ ዛሬ ባለትዳር ሆነሽ ሻይ ስትቀጂ እያየሁሽ ነበር። መልሱ መጣ። ሥራው በጠቅላላ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ስምንት ደቂቃ ሲቀር አለቀ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ አይደለም፤ ዘጠኝ ሰዓትም አይደለም። ሴትዮዋ አንድ በሽተኛ ከፈተች፣ ሌላ ከፈተች፣ ሁሉም በየቦታው ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ ብቀር ደግሞ መዋሸቴ ነው። የሆስፒታሉ መብራት አልጠፋም። ያን ቀንም፣ ያን ሳምንትም። ዝም ብዬ ብመጣ ኖሮ ሁሉም ነገር ልክ ይሆን ነበር፤ ማንም ሳያውቅ፣ እኔም ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ አጠገብሽ እቆም ነበር። ሌሎቹ "ደግ አደረግሽ" ይሉኛል። እኔ አንዳንድ ቀን በአውቶቡስ ስሄድ ይህ ሐሳብ ይመጣና ይቆጨኛል። ደግሞ ቢደገም የማደርገው ያንኑ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ አላስታረቅኋቸውም።

ባለፈው ሳምንት ከአቶ ቀስ-በቀስ ደብዳቤ ደረሰኝ። አንድ ገጽ ለመጻፍ ሁለት ወር የፈጀበት ሰው፤ የ"ላግባሽ" ልመናውን አንቺ ዘንድ ለማቅረብም የፖስታ ከረጢት እያመጣ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶበት የለ! አትቆጪው፣ ሳያስፈቅድሽ ነው የጻፈው። ሊወቅሰኝ እንዳልሆነ ከነገረኝ በኋላ እንዳልፈረምሽ ነገረኝ። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መልሰሽ "ችኩሌ ትምጣ" ብለሽ መነሣትሽን፣ የመዝገቡ ሰውዬም ወረቀቱ ዘጠና ቀን ብቻ ይቆያል ማለቱን፣ አንቺም ቀኑ ካለፈ ነገሩ አልተፈቀደልኝም ማለት ነው፣ እተወዋለሁ ማለትሽን ጻፈልኝ። "እኔ መጠበቅ አይከብደኝም" ይላል፤ "እሷ ስትጠብቅ ማየት ግን ከበደኝ።" ይህን ሳነብ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነበርኩ። ሦስት አውቶቡስ አለፈኝ።

ለካ ሁለት ወር ተኩል ባለትዳር አድርጌ ሳስብሽ የከረምኩት በባዶ ነው! ምን ነካሽ፣ እትዬ? ልቆጣሽ ነው አሁን፣ ቻይው። መጀመሪያ እኔ ትምህርት እስክጨርስ አልሽ። ከዚያ የአክስቴ ዓይን እስኪታከም። ከዚያ እኔ ሄጄ እስክደላደል። ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሌላውን ሲጠብቅ ይኖራል? ዲስክ መጠበቅ የእኔ ሥራ ነው፣ ደመወዝ ይከፈለኛል። አንቺ እኔን ለመጠበቅ ማን ቀጠረሽ? እኔ አጠፋሁ፣ ቅጣቱ ለእኔ ይሁን፤ ያን ደግ ሰው ምን አድርጎ ትቀጪዋለሽ? ራስሽንስ?

ባልደረባችን ከፈቃዱ ሲመለስ የእኔ ተራ ነው፤ ቲኬቴም ተቆርጧል። ግን ከዘጠናው ቀን በአራት ቀን ይዘገያል። ለምኜ፣ ተለማምጬ፣ አለቃዬ ፊት አልቅሼ ሁሉ፣ ከዚያ አላነሰልኝም፤ ሌሎች ሁለት ሆስፒታሎች ወረፋ ይዘዋል። ደግሞ ዛሬ "መጣሁ" አልልሽም። ደጃፋችሁን አንኳኩቼ፣ አንቺ ከፍተሽ፣ አንገትሽ ላይ የተጠመጠምኩ ቀን ያኔ መጣሁ እላለሁ። ዛሬ ከዘጠናው ቀን የቀረው አሥራ ስምንት ነው፤ ይህ ደብዳቤ አሥሩን ይበላል። ስምንት ቀን ይቀርሻል።

ስለዚህ እህቴ፣ ፈርሚ። እኔን ሳትጠብቂ ፈርሚ። የምስክሯ መስመር የእኔ ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አንቺን የምድርበትን ቀን ሳስብ ነው ያደግሁት። ቢሆንም ለቴምብሯ ሴትዮ ሰጥቻታለሁ፣ ትፈርምበት። ሠላሳ ስምንቱ ደቂቃ ውሸት እንደነበረም ንገሪያት፣ ሁለት ሰዓት ነው በያት። እኔ ስመጣ ጥግ ላይ ቆሜ እጄን ከማጨብጨብ ሌላ ሥራ አይኑረኝ። ከሁሉ ከሁሉ ግን አንቺን እንደዚያ ዓርብ፣ ብቻሽን በር በሩን ስታዪ አላግኝሽ። ያንን አልችለውም።

በይ እንግዲህ፣ ነገ ጠዋት ፖስታ ቤቱ እንደተከፈተ አስመዘግበዋለሁ። አክስቴን ጉንጯን ስመሽ ሰላም በይልኝ፣ ጮክ ብለሽ ነው ታዲያ። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት በወረቀት ጽፈሽ ቦርሳዋ ውስጥ ክተቺላት፣ አትርሺ። የቴምብሯን ሴትዮ፣ ጎረቤቶቻችንን፣ በሩን ሊጠግን ሦስት ዓመት የቀጠረንን አናጢም ቢሆን ሰላም በይልኝ። ያንን ሹፌር ደግሞ ምን ብዬ እንደምጠራው ግራ ገብቶኝ ብዕሬን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። እጮኛሽ ልለው ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ።

ያንቺው ችኩሌ

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከኪራይ ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት ፲፰ ቀን